ከእርድ የተሠራ ካርታ፦ ስለ ቅመም፣ ስለ ኅትመትና ስለ ነጋዴ አባቶቻችን መንገድ

(የወጣቶች የኅትመት ሥራ በመስጂዱ አዳራሽ ለጀማዓው በታየበት ዕለት የተደረገ ንግግር)





እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልጆቻችን በቅመም ያተሙት ሥዕል እንዴት እንደተሠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቅመሙ ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እዚህ እንደደረሰ ነው። በርበሬ በረንዳ ላደገ ሰው ስለ ቅመም በሃያ ደቂቃ ተናግሮ መጨረስ ይከብዳል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። በመካከላችን ገና ያላለቀ አንድ ክርክርም አለ። ልጆቹ የሠሯት አንዲት ጨርቅ እስካሁን አልተሰቀለችም። ኮሚቴው እንድትሰቀል የተስማማው ምክንያቷ አስቀድሞ በንግግር ይገለጽ በሚል ነው፤ ስለዚህ ወደ እሷ እስክደርስ ድረስ ታገሡኝ።

ወደ አዳራሹ ስትገቡ ከዓይናችሁ በፊት አፍንጫችሁ ወሬውን እንደነገራችሁ አልጠራጠርም። በፊት ለፊት የተሰቀለው አቡጀዲ አራት ሜትር ርዝመት አለው። በላዩ ያለው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ካርታ ነው። ከሱቅ የተገዛ ቀለም አልነካውም። ጥቁሩ መስመር ቁንዶ በርበሬ፣ ጠቆር ያለው ቡናማ ቅርንፉድ፣ ቀላ ያለው ቀረፋ፣ ከእኛ አገር የሚነሣው ደግሞ ኮረሪማ ነው። በዙሪያው የተለጠፉት ወረቀቶች በእርድና በፀሐይ የታተሙ ናቸው።

ስለ እርዱ ልጀምር። እናቶች በሚገባ የምታውቁት ነገር ነው። አልጫ ሲሠራ እርድ ነጠላ ላይ ተፈናጥቆ በሳሙና ሲታሽ ቢጫው ወዲያው ይቀላል፤ ልጅ ያየው እንደሆነ ደም መስሎት ይደነግጣል። ያው ነጠላ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ነጥቡ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ልጆቹ የሠሩት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል፤ ሳሙና፣ የአመድ ውሃ ወይም ቦራክስ ሲነካው ግን ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ እጅ የእርድ ዱቄት በአራት እጅ ያህል አልኮል ይበጠበጥና በስስ ጨርቅ ይጠለላል። የወጣው ፈሳሽ መስኮቱ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ በወፍራም ወረቀት ላይ በብሩሽ ይቀባል፤ እዚያው በጨለማ ይደርቃል። በደረቀው ወረቀት ላይ ቅጠል ወይም የተቆረጠ ካርቶን ይቀመጥና መስታወት ተጭኖበት ፀሐይ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ያገኘው ይነጣል፤ የተሸፈነው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። በመጨረሻ በቦራክስ ውሃ ሲረጥብ ተሸፍኖ የነበረው ቦታ ቡናማ ሆኖ ጎልቶ ይወጣል። ቦራክሱን ያገኘነው ከወርቅ ሠሪ ነው፤ እነሱ ለብየዳ ይጠቀሙበታል።

መጀመሪያ የሞከርነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት በክረምት ነበር። ምን ያህል ሞኞች እንደነበርን አስቡት፤ ፀሐይ የሚፈልግ ሥራ በሐምሌ! ወረቀቱ ቀኑን ሙሉ ደመና ሥር ውሎ እንደወጣ ይገባ ነበር። በየካቲት ዕረፍት ግን ሦስትና አራት ሰዓት በቂ ሆነ።

እዚህ ላይ የአልኮሉን ነገር መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው ጠይቆኛልና። ውሃ የእርዱን ቀለም አሟሙቶ አያወጣም፤ ሞክረነው ፈዛዛ ሆኖብናል። የተጠቀምነው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የቁስል አልኮል ነው። ይህም ቢሆን በመስጂድ ግቢ ውስጥ ሊገባ አይገባም ያሉ አባቶች ነበሩ። ኡስታዞቻችንን ስንጠይቅ በዚህ ነገር ላይ የዑለማኦች አስተያየት የተለያየ መሆኑን ነገሩን። እኛም ከጥርጣሬ መራቅ ይሻላል ብለን መቀባቱን ከግቢው ውጭ በአንድ የጀማዓችን አባል መጋዘን ጓሮ አደረግነው፤ ወደዚህ የገባው ደርቆ ያለቀው ብቻ ነው።

የካርታው አሠራር ሌላ ነው። ቅመሙ በደንብ ተወቅጦ ከግራር ሙጫ ጋር ይለወሳል፤ ከዚያም በድንች ላይ በተቀረጸ ማኅተም ይታተማል። ቅርንፉድ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ቁንዶ በርበሬ በጣም ካልደቀቀ ይረግፋል። ዝንጅብል ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ በካርታው ላይ የምታገኙት ጠጋ ብላችሁ በማሽተት ነው። አንድ ልጅ ግመል ቀርጾ መጣ፤ ሕይወት ያለው ነገር ሥዕል በመስጂድ አዳራሽ አይሰቀልም ሲባል ተመልሶ ግመሉን ትቶ ጭነቱን ብቻ ቀረጸ። በዘይላ መንገድ ላይ በአየር የሚሄዱትን ጭነቶች ያያችሁ ሰዎች እንግዲህ ምሥጢሩ ይህ ነው።

በፀሐይ ማተም በአውሮፓም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ አበባና ስለ ቅጠል ጭማቂ በፀሐይ መለወጥ ጽፏል፤ ዛሬ ይህ ዓይነቱ ኅትመት አንቶታይፕ ይባላል። ነጠላ ፀሐይ ላይ ያሰጡት እናቶች ግን ከእሱ በፊት ነበሩ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። የቅመም ንግድ ታሪክ ለማግኘት የሩቅ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አያስፈልግም፤ የቅመም ዕቃችሁን ክፈቱ። ቅርንፉድ በዐረብኛ ቀረንፉል ነው። ቀረፋ ቂርፋ፣ ሄል ሀይል፣ ገውዝ ጀውዝ፣ ዝንጅብል ዘንጀቢል ነው፤ እርድንም የመናውያን ሁርድ ይሉታል። ዝንጅብል በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ኢንሳን ውስጥ በጀነት መጠጥ ስሙ ተጠርቷል። ቃሉ ከዕቃው ጋር በአንድ ጀልባ መጥቶ በአንድ ግመል ወጥቷል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወጥ ሲሠራ የእነዚያን ነጋዴዎች ቋንቋ ሳያስበው ይናገራል።

በርበሬ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዛሬ ያለ እሱ የአበሻ ምግብ አይታሰብም፤ ተክሉ ግን የአሜሪካ ነው፤ ከኮሎምቦስ የ1492 ጉዞ በፊት በአፍሪካም በእስያም አልነበረም። የጥንት ሰዎች ውድ አድርገው የያዙት ቁንዶ በርበሬ ነው። የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ ሁለተኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1213 ሲሞት በአፍንጫው ቁንዶ በርበሬ ተደርጎበት ነበር፤ ይህ ተክል የሚበቅለው ደግሞ በደቡብ ሕንድ፣ በመለባር ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ንጉሡ ወደ ልብነ ድንግል ሲመጡ ካቀረቡት ስጦታ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ነበረበት።

ነጋዴ የዕቃውን ምንጭ አይናገርም። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ቀረፋ ትልልቅ ወፎች ለጎጆአቸው የሚሰበስቡት እንጨት ነው፤ ዐረቦች ከባድ ሥጋ ያስቀምጡላቸውና ወፎቹ ሥጋውን ወስደው ጎጆው ሲፈርስ ይለቅሙታል ብሎ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሮማዊው ፕሊኒ ይህ ሁሉ ዋጋ ለማስወደድ የተፈጠረ ተረት ነው አለ። በርበሬ በረንዳ ያደግን ሰዎች ከፕሊኒ ጋር ነን።

በባሕሩ ላይ ያለው ሥራ የተመሠረተው በነፋስ ነው። በክረምታችን ወራት ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሕንድ ይነፍሳል፤ ከኅዳር ወዲህ ተመልሶ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ዐረቦች ይህን ወቅት መውሲም አሉት፤ ፈረንጆች ሞንሱን የሚሉት ቃል ከዚሁ የተወሰደ ነው። ይህን ነፋስ ይዘው በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ከአዱሊስና ከግብፅ ወደቦች የተነሡ መርከቦች መለባር ይደርሱ ነበር። ከእስልምና መምጣት በኋላ ደግሞ ካሪሚ የሚባሉት የግብፅ ነጋዴዎች ከዐደን እስከ ካይሮ ያለውን የቅመም ንግድ ለብዙ ዘመን ይዘውት ኖረዋል፤ ሱልጣን ባርስባይ በ1420ዎቹ መጨረሻ የቁንዶ በርበሬውን ንግድ ለመንግሥት ብቻ ሲያደርገው ኃይላቸው ደከመ።

ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1330 ገደማ ዘይላን ጎብኝቷል። ስለ ዓሣውና በየመንገዱ ስለሚታረደው የግመል ደም ሽታ አማርሮ በመርከብ ላይ ማደሩን ጽፏል፤ የሐረር ወገኖቼ ይቅር ይበሉት። ይኸው ሰው በ1340ዎቹ ካሊከት ሲደርስ በወደቡ አሥራ ሦስት የቻይና መርከቦች ቆመው አይቷል። ቻይናው፣ ዐረቡ፣ ፋርሱና ሕንዱ በአንድ ወደብ ይገበያዩ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት ደረሰ። በሁለተኛ ጉዞው፣ በ1502፣ ሚሪ የምትባል ከመካ ሐጅ አድርገው የሚመለሱ ብዙ መቶ ሰዎች የጫነች መርከብ ያዘ። ዕቃውን ከወሰደ በኋላ ሴቱንም ሕፃኑንም በውስጧ እንዳሉ አቃጠላት። በ1517 ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጠሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1621፣ ሆላንዶች ገውዝ ይበቅልባቸው የነበሩትን የባንዳ ደሴቶች ሲይዙ ከአሥራ አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ አብዛኛውን ፈጁ፣ ሸጡ ወይም አሰደዱ። ልጆቹ በካርታው ላይ በእነዚህ ቦታዎች የተቃጠለ ቅርንፉድ አትመዋል። ማንም አባት ይህን አልተቃወመም፤ ሁላችንም ደግ አደረጋችሁ አልን።

አሁን ወደ አገራችን መንገዶች ልምጣ። ኮረሪማ የእኛ ነው፤ በከፋ፣ በጅማና በጋሞ ጎፋ ጥላ ሥር ይበቅላል። ፍሬው ሲደርቅ ተበስቶ በክር ይሰካል፤ በዐረብ አገሮች እንዲህ ያለው ዛላ መስቢሃ ሆኖ ዚክር የሚደረግበት ጊዜ አለ። ከዚያ አገር የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጅማ ሕርማታ ገበያ፣ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር አዲስ ዓለም በኩል ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ያቀና ነበር። በምሥራቅ ያለው መንገድ ደግሞ በይፋት አልዩ አምባ በኩል ወደ ታጁራ፣ በሐረር በኩል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርዳል። ወደ ውስጥ የሚገባው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ቁንዶ በርበሬ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና ቡና ነበር።

አባቶቻችን ለምን ነጋዴ ሆኑ? ብዙ ጊዜ እኛው ራሳችን ሙስሊም ለንግድ የተፈጠረ ነው ስንል እሰማለሁ፤ ይህ ልክ አይደለም። በሰሜኑ አገር ሙስሊም የርስት መብት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ አዲስ ዓለም የተባለው ሠፈር የእነሱ ሆነ። መሬት የተከለከለ ሰው መንገድ ይይዛል። ይህን ያህል ዘመን ከተጓዙና ካቀኑ በኋላም እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባሉ ኖሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ስም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጨርቋ ደረስኩ።

ልጆቹ የካርታውን ሥራ ሲጨርሱ አንዲት ተማሪ «በዚህ መንገድ ከቅመም ሌላ ምን ይጓዝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ወርቁን ቆጠርኩላት። አንዱን ግን ሳልናገር አለፍኩ። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በማግስቱ ነገርኳቸው። ኮረሪማው ከበቀለበት አገር ሰውም ይወሰድ ነበር። በሕርማታና በባሶ ገበያ ከኮረሪማው አጠገብ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከአልዩ አምባ አጠገብ የነበረው የዐብዱረሱል ገበያ በዚሁ የታወቀ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከደቡብ እስከ ምጽዋና እስከ ታጁራ በእግራቸው ይነዱ ነበር። ጦረኛው ማረከ፣ መኳንንቱና ነገሥታቱ ቀረጥ ተቀበሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በቤቱ አገለገለባቸው። በአገሪቱ ሕግ ለክርስቲያኑ ባሪያ መያዝ እንጂ መነገድ ስላልተፈቀደለት ግን መሸጡና መለወጡ በአብዛኛው በእኛ ነጋዴዎች እጅ ነበር። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ከእነዚያ ልጆች አንዱን ዓለም ያውቀዋል። ማሊክ ዐምበር በ1548 ገደማ በአገራችን ተወልዶ በልጅነቱ ተሸጠ፤ በሙኻና በባግዳድ አልፎ ደቡብ ሕንድ ደረሰ። እዚያም የአሕመድነገር መንግሥት መሪ ሆኖ የሞጎልን ጦር ለብዙ ዓመታት መክቷል፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ የቆረቆረ እሱ ነው። ቁንዶ በርበሬው ወደ እኛ በመጣበት ባሕር እሱ ወደዚያ ሄደ። ግን ስሙ የቀረው የአንዱ ነው። በዛንዚባር የቅርንፉድ እርሻም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ከአፍሪካ ምድር የተወሰዱ ባሪያዎች፣ ባለቤቶቹ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ።

ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ካርታው ጎዶሎ ነው አሉ። ቅመሙ ቦታ አለው፣ መርከቡ ቦታ አለው፤ ሰዎቹ የሉም። የሰው ሥዕል እንዳይሠሩ ደግሞ ያው ክልክሉ አለ። ያቺው ተማሪ መላ አመጣች። ሁሉም በባዶ እግራቸው ካርቶን ላይ ቆመው ዙሪያውን በእርሳስ አስነደፉና ቆረጡት፤ ትንሹ የሰባት ዓመት ልጅ እግር ነው። እርድ በተቀባ ረጅም አቡጀዲ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ደርድረው ፀሐይ ላይ አዋሉት። ዱካው ወጣ።

ይህን በኮሚቴው ፊት ባቀረብን ጊዜ አንድ እጅግ የማከብራቸው አባት ተነሥተው፦ «ልጄ፣ የገዛ ገበናችንን በገዛ ግድግዳችን ላይ እንዴት እንሰቅላለን? እስካሁን የተባልነው አይበቃም ወይ?» አሉኝ። ንግግራቸውን አላቃልልም። ከላይ እንዳልኩት የተባልነው ብዙ ነው፤ ጨርቋን አይቶ «አይ እነሱ!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሚሪን መርከብ ስናትም የፖርቱጋልን ገበና አትመናል። የሌላውን ሚዛን መርምረን የራሳችንን በነጠላ ብንሸፍን በሱረቱል ሙጠፊፊን ከተወቀሱት፣ ሲቀበሉ አሟልተው ሲሰጡ ከሚያጎድሉት እንዳንሆን እፈራለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህሉ ክምር አግብተው ከሥር እርጥቡን ባገኙ ጊዜ ሻጩ እርጥቡን ከላይ አድርጎ እንዲያሳይ ነው የነገሩት።

ደግሞም ሰይዲና ቢላል (ረ.ዐ.) ማን ነበሩ? የአበሻ ልጅ፣ በመካ ባሪያ የነበሩ፣ ሰይዲና አቡበክር ገዝተው ነፃ ያወጧቸው፣ የመጀመሪያውን አዛን ያሰሙ ናቸው። በየቀኑ አምስት ጊዜ ከሚናራችን የሚሰማው የእሳቸው ሥራ ነው። ቁርኣን ባሪያ ነፃ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻ አድርጎታል፤ ከዘካም ድርሻ መድቦለታል። አባቶቻችን ይህን እያነበቡ ያንን መንገድ ሄዱ። እኔም የእነሱ ልጅ ነኝ፤ አያቴ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ምን እንደጫኑ ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

እኚያ አባት መልሴን ሰምተው ዝም አሉ። በሳምንቱ ለዙህር ሶላት ሲመጡ አንድ አሮጌ የናስ ሚዛን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ለልጆቹ ሰጡ። ተስማምተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ሚዛኑ ግን በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ቀርቷል። የእርድ ኅትመት አይቆይም። መስታወትና ጥላ ያቆዩታል እንጂ ብርሃን ቀስ በቀስ ይወስደዋል፤ ካርታው ሳይደበዝዝ ዱካው ይጠፋል። በዘይት ቀለም እንድገመው ያለ ወንድም ነበር። ልጆቹ እምቢ አሉ፤ በየዓመቱ በየካቲት ዕረፍት አዲስ የሚገቡት ልጆች በራሳቸው እግር እንዲያትሙት ተነጋግረዋል። ኮሚቴው እርዱንና አቡጀዲውን ለመግዛት ቃል ገብቷል፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ስለሆነ ማስታወስ አያስፈልገኝም።

አሁን ልጆቹ ጨርቋን ያመጣሉ። ከካርታው ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ካርታውን በእጃችሁ አትንኩ፤ ቁንዶ በርበሬው ይረግፋል፣ ከዚያም ዓይናችሁን ትነኩና እኔን ትረግማላችሁ። ከዐስር ሶላት በፊት ሁላችሁም እንድታዩ በሩ ክፍት ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።